ይድረስ ለወንድሜ፣ ከሀዋሳ

ውድ ወንድሜ፣ ለጤናህ እንደምን ከረምህ? እኔም ቤተሰቤም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። ከተጠፋፋን ብንቆይም፣ «ጌዴኦና ጉጂ ተጋብተውና ተዋልደው ሳለ እንዴት ለደም መፋሰስ በቁ?» ብለህ የጠየቅኸኝ ነገር ሲመላለስብኝ ከርሟል።

የጠቡ ሥር የቆየ ጥላቻ ነው የሚሉትን አልቀበላቸውም። ሁለቱም አባ ገዳ ያላቸው፣ በአንድ ገበያ የሚውሉ ሕዝቦች ናቸው። ይሁን እንጂ የጌዴኦ ምድር ሰው እጅግ ከተጨናነቀባቸው የአገራችን ገጠሮች አንዱ ስለሆነ፣ ብዙ ገበሬ ወደ ጉጂ ተሻግሮ ቡና ተክሎ ኖሯል፤ ክልል በአሰፋፈር፣ በቋንቋና በማንነት ሲከለል ታዲያ፣ የሁለት ጎረቤታሞች የማሳ ወሰን ጉዳይ የሁለት ክልሎች፣ የያኔው ደቡብና የኦሮሚያ፣ ጉዳይ ሆኖ አረፈው። በ1990 ደም ፈሰሰ፤ በ2010 ሚያዝያና ሰኔ ደግሞ ከ800 ሺህ የሚበልጥ ሰው፣ አብዛኛው ጌዴኦ፣ ተፈናቀለ።

በጌዴኦ ዞን ገደብ በምትባለው ወረዳ ያገኘሁት አንድ ተፈናቃይ አባወራ ባልተጨረሰ ሕንፃ ወለል ላይ የእንሰት ቅጠል አንጥፎ ከልጆቹ ጋር ይተኛ ነበር። እሱን ያንገበገበው ብርዱ አልነበረም፤ በዚያ መኸር ቀዩን ቡናውን የለቀመው የልጁን ሠርግ አብሮት የደገሰ ጎረቤቱ መሆኑ ነው እንጂ። እንዲህ ያለውን ሰው በመኪና ጭኖ «ተመለስ» ማለት እርቅ አይባልም። በነሐሴ 2010 እንዲመለሱ ከተደረጉት ብዙዎቹ ዳግመኛ ሸሽተው የመጡት ለዚህም ይመስለኛል። የሁለቱ ሕዝቦች ሽማግሌዎች የሚያውቁት ጎንዶሮ የሚባለው የእርቅ ሥርዓት የበደለው ወገን በደሉን በአደባባይ ሳያምን፣ ካሳም ሳይቆረጥ አይፈጸምም፤ እኛ ግን (ይህን ስል ብዙዎች ይቀየሙኛል) ሽማግሌዎቹን የስብሰባ ማድመቂያ ካደረግናቸው ቆየን።

እዚሁ ሀዋሳ ያየነውም ከዚህ አይርቅም። ሕገ መንግሥቱ የክልልነት ጥያቄ በ1 ዓመት ውስጥ ለሕዝበ ውሳኔ ይቅረብ ይላል፤ የሲዳማ ጥያቄ ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓመቱ ሲሞላ ሳይቀርብ ቀረና የሰው ሕይወት ጠፋ። ያው ሕዝብ ኅዳር 10 ቀን 2012 ገና ሳይነጋ ተሰልፎ በሰላም ድምፁን ሰጠ። በአራት ወር ውስጥ የሰው ጠባይ አልተለወጠም፤ ጥያቄው ቀንና ሳጥን አገኘ እንጂ።

አንተ የሕግ ሰው ነህና አንድ ነገር ፍታልኝ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ባህላዊ ዳኝነትን በግልና በቤተሰብ ጉዳይ፣ ያውም በባለጉዳዮቹ ፈቃድ ሲሆን፣ ይቀበላል፤ የነፍስና የመሬት ነገር ግን በስም አልተጠቀሰም። ታዲያ ሽማግሌዎቹ ማሳውን ለዚያ አባወራ ቢፈርዱለትና ጎረቤቱ አልለቅም ቢል፣ ማን ያስፈጽምለታል? ረዘም አድርገህ ጻፍልኝ።

አክባሪ ወንድምህ