መምህሩ ድምፅ ራሱ ይቅዳ፣ ራሱ ይቁረጥ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ሐሰተኛ መረጃ ወሬ በተነሳ ቁጥር «ትምህርት ቤቶች ምን ይሠራሉ? ልጆቹን ያስተምሩ እንጂ!» የሚል አይጠፋም። እስማማለሁ፣ ያስተምሩ። ግን መምህሩንስ ማን አሠለጠነው? ብዙ ጊዜ የሚደርሰው የግማሽ ቀን ስልጠና ነው። ስላይድ ያያል፣ ማኑዋል ይሰጠዋል፣ በቃ፣ ሰኞ ክፍል ገብተህ አስተምር ይባላል። እኔም መምህር ነኝ፣ በዚህ መንገድ ለውጥ ይመጣል ብዬ አላምንም።

የሰነድ ችግር የለብንም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 ለመምህራን የሚሆን የሚዲያና የመረጃ አጠቃቀም ሥርዓተ ትምህርት አውጥቷል፣ በ2021 አሻሽሎታል፣ በነፃም ይገኛል። የጎደለው መምህሩ እጁን የሚያፍታታበት ጊዜ ነው።

እኔ የምለው፣ የሚዲያ ሊትረሲ (የሚዲያ መረጃን አገናዝቦ የመረዳትና የመጠቀም ችሎታ) ስልጠና በድምፅ ሥራ ይጀመር። መምህራኑ እዚያው ስልጠናው ላይ አንድ ሰው ቃለ መጠይቅ ያድርጉ፣ 20 ደቂቃ ይቅዱ፣ ከዚያ ወደ 3 ደቂቃ ያሳጥሩት። ዋናው ትምህርት ማሳጠሩ ላይ ነው። 17ቱን ደቂቃ ስትጥል የትኛውን ሐሳብ እንዳስቀረህ፣ ለማን እንዳደላህ፣ ሰውዬው ያላለውን እንዳለ አስመስለህበት እንደሆነ ራስህን መጠየቅ ግድ ይልሃል። አንድ ሰው «መጀመሪያ ሐሳቡን አልደግፍም ነበር፣ ስሰማው ግን አሳመነኝ» ቢል፣ አንተ ደግሞ «ሐሳቡን አልደግፍም» የምትለዋን ብቻ ብታስቀር፣ ድምፁም ቃሉም የራሱ ነው፣ መልእክቱ ግን ውሸት ነው። መምህሩ ይህን ወደ ክፍል ሲያመጣው፣ በእጁ ሠርቶ ያየ ተማሪ በቴሌግራም የ15 ሰከንድ ድምፅ ሲደርሰው «ከዚህ በፊት ምን ብሎ ነበር?» ማለት ይጀምራል።

ልጆች ከስልክ ጋር ስላደጉ ያውቁበታል የሚሉም አሉ። አያውቁበትም። እ.ኤ.አ. በ2016 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ከአሜሪካ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት «ስፖንሰር የተደረገ» የሚል በግልጽ የተጻፈበትን ማስታወቂያ ዜና ነው ብለዋል። አዋቂውም ከዚህ ብዙ አይሻልም። እዚያው ዩኒቨርሲቲ በ2017 በወጣ ሌላ ጥናት የታሪክ ምሁራን ሳይቀሩ ገጹን ከላይ እስከ ታች እያነበቡ ሲታለሉ፣ መረጃ አጣሪዎች ግን ቶሎ ከገጹ ወጥተው ሌሎች ምንጮች ስለ እሱ ምን እንደሚሉ ይፈትሹ ነበር። ይሄ ልማድ ነው መማር ያለበት። በተለይ አሁን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከአጭር ናሙና ተነስቶ የሰው ድምፅ በሚያስመስልበት ጊዜ፣ ጆሮን ብቻ ማመን አያዋጣም።

ለምን ቪዲዮ አይሆንም? ድምፅ ርካሽ ነው። የመምህሩ አንድ ስልክ ለክፍሉ ይበቃል፣ ኮምፒውተር ካለ ደግሞ እንደ ኦዳሲቲ ያለ የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። ደግሞ ካሜራ ፊት የሚሸማቀቅ፣ መጻፍም የሚከብደው ልጅ አለ፣ እሱ ታሪኩን በድምፅ ሲተርክ መስማት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው። ጸጥ ያለ ክፍል ፈልጉ፣ ስልኩን ጠጋ አድርጉ፣ ቀድታችሁ ወዲያው አዳምጡ። ከዚህ በላይ ቴክኒክ ለጅምር አያስፈልግም።

አዲስ የትምህርት ዓይነትም አያስፈልግም። በቋንቋ፣ በታሪክ፣ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ይገባል። ማርክ ሲሰጥ ግን ለድምፁ ጥራት ሳይሆን ለምንጩ ይሁን፦ ስንት ሰው ጠየቀ? የሰማውን አረጋገጠ? የተናገረው ሰው ፈቅዷል? የልጆች ድምፅ ደግሞ ወላጅ ሳይፈቅድ ከክፍሉ መውጣት የለበትም፣ እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ስልጠና የምታዘጋጁ ሰዎች፣ እባካችሁ የንግግሩን ሰዓት ቀንሳችሁ ለቀረጻ ስጡት። መምህራኑ የሠሩትን እርስ በርስ አዳምጠው፣ «ይሄን ለምን ቆረጥከው?» ሳይባባሉ ሰርተፍኬት አትስጧቸው።

አንድ የቋንቋ መምህር