ልጆቻችን የሚያቅፏቸው ቡችሎች አልተከተቡም

ይድረስ ለፈረንሳይ ለጋሲዮን ነዋሪዎች፣ እንዲሁም ከሰፈሩ ወጥታችሁ በሌላ ክፍለ ከተማም ሆነ በባሕር ማዶ ለምትኖሩ ልጆቻችን፤

ባለፈው ክረምት ከቤታችን በታች ባለው ቦይ አጠገብ አንዲት ባለቤት የሌላት ውሻ አምስት ቡችሎች ወለደች። የሰፈሩ ልጆች ካርቶን ዘርግተው፣ የማዳበሪያ ከረጢት ከላይ አልብሰው፣ ከየቤታቸው ፍርፋሪ እየሰበሰቡ አሳደጓቸው። ሁለት ወር ገደማ ሲሞላቸው ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት አንዱ ቡችላ መጫወት ተወና ጥግ ይዞ ተኛ። አፉ እንደተከፈተ ለሃጩ ይንጠባጠባል፤ ወተት ሲቀርብለት ይጠጋል፣ መዋጥ ግን አልቻለም። የጎረቤቴ የሰባት ዓመት ልጅ አጥንት የተሰነቀረበት መስሎት ሊያወጣለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ።

በልጁ ጣት ላይ የቀሩት ሁለት ነጥቦች ብቻ ነበሩ፤ መርፌ የወጋው ያህል እንጂ ደሙ እንኳ በቅጡ አልፈሰሰም። አያቱ የተፈጨ ቡና ነስንሰው በጨርቅ አሰሩለት። ቡችላው በማግስቱ ሞተ፤ ናሙናው ሲመረመር የእብድ ውሻ በሽታ ሆኖ ተገኘ። እናቱ ልጇን ይዛ ክትባት ፍለጋ ከአንዱ ጤና ተቋም ወደ ሌላው ስትንከራተት ውላ አመሻሽ ላይ አገኘች። ልጁ መርፌውን በየቀጠሮው ወስዶ ዛሬ ደኅና ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን የዚያን ቀን የእናቱን ፊት እስካሁን አልረሳሁትም። ይህን የምጽፈውም ስለዚያ ነው።

እንነጋገር ከተባለ፣ የክትባት ዘመቻ ሲመጣ የምናቀርበው ማንን ነው? በሰንሰለት የታሰረውን፣ ልጅ የማይጠጋውን የግቢ ውሻ ነው። ከልጆች ጋር የሚንከባለለውን ቡችላ «ገና ሕፃን ነው፣ ለሚቀጥለው ይደርሳል» ብለን ቤት እንተወዋለን። የሚቀጥለው ዘመቻ እስኪመጣ ቡችላው አድጎ ወይ ጎዳና ወጥቷል፣ ወይ ሞቷል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በተለመደው አሠራር ከሦስት ወር ዕድሜ ጀምሮ የሚሰጥ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም በሽታው በሰፊው በሚገኝበት አካባቢ በሚደረግ ዘመቻ ከሦስት ወር በታች ያሉትም ሳይቀሩ እንዲከተቡ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። እኛ የምንኖረው እንዲህ ባለው አካባቢ ነው።

ድርጅቱ በሽታው በዓለም ላይ በዓመት 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገምታል። ከሟቾቹ ከአሥሩ አራቱ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ውስጥም እንግዳ በሽታ አይደለም፤ ከተማዋ ከተቆረቆረች ሃያ ዓመት ሳይሞላት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1903፣ ብዙ ውሾች በዚሁ በሽታ እንደተያዙ ተመዝግቧል። የሰፈራችን ስም የፈረንሳይ ነው፤ በ1885 የዘጠኝ ዓመቱን ዮሴፍ ማይስተርን በክትባት ከዚህ በሽታ ያተረፈው ሉዊ ፓስተርም ፈረንሳዊ ነበር። መከላከያው ከተገኘ 140 ዓመት ገደማ ሆኖት ሳለ የእኛ ልጆች ዛሬም ለዚህ አደጋ መጋለጣቸው ያንገበግበኛል።

«ውሾቹን ማስወገድ አይሻልም ወይ?» የሚሉ ጎረቤቶች አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል፣ ነገር ግን መርዝ በሥጋ ለውሶ መጣል በሽታውን አላጠፋውም። የሞቱት በለቀቁት ቦታ ከሌላ ሰፈር ያልተከተቡ ውሾች ይገቡበታል፣ አዲስ ቡችሎችም ይወለዱበታል። ደግሞም ማታ ማታ ጅብ ከእንጦጦ ሲወርድ ቀድመው የሚጮኹልን እነዚሁ ውሾች ናቸው። በሽታውን የሚያቆመው በአካባቢው ካሉት ውሾች ቢያንስ 70 በመቶውን መከተብ ነው። ትልልቆቹን ብቻ ከትበን ቡችሎቹን ከተውን ይህ መጠን በየወሊዱ ይወርዳል።

ሌላም ጉዳይ አለ። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያስይዘው ፓርቮ የተባለ ቫይረስ ቡችሎችን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጨርሳል፤ የድመት ግልገሎችንም የሚፈጅ ዘመዱ አለ። የእናታቸው እንገር ለጥቂት ሳምንታት ይጠብቃቸዋል፣ ግን ያው ጥበቃ ቀድሞ የተሰጠውንም ክትባት ያከሽፈዋል። መቼ እንደሚያልቅም ከቡችላ ቡችላ ይለያያል። የፓርቮ ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ላይ ተጀምሮ፣ 16 ሳምንት እስኪሞላ ድረስ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ የሚደጋገመው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ጊዜ ወግቶ መሄድ ስለማይበቃ ነው ገንዘብ ያስፈለገን።

ድመቶችን አደራ አትርሱብን። ለአይጥ ብለን ከሱቅ ወደ ሱቅ፣ ከዳቦ ቤት ወደ ጎረቤት የምንሰጣጣቸው ግልገሎች አንድም ቀን መርፌ አያዩም። ድመትም በእብድ ውሻ ከተነከሰች ትታመማለች፣ ሰውም ትነክሳለች።

እድራችን የክትባት ሥራውን በመስቀል ማግስት፣ መስከረም 18 ቀን ለመጀመር ወስኗል። ያ ቀን የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ሆኖ ይታሰባል፤ ፓስተር ያረፈበት ዕለት ነው። ከዚያ በኋላ በአራት በአራት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ እንደግመዋለን። የሰፈራችን ልጆች የሆኑ ሁለት የእንስሳት ሐኪሞች የእጃችንን ዋጋ አንጠይቅም ብለውናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። የምንገዛው ክትባቱን፣ መርፌውን፣ የሆድ ትል መድኃኒቱንና በረዶውን ነው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልተቀመጠ ይበላሻል፣ በመብራት መጥፋት ምክንያት አንድም ብልቃጥ መጣል አንፈልግም።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቤት 200 ብር እንጠይቃለን። የተረፈው የበለጠ ይስጥ፣ ያልሞላለት 20 ብርም ቢሆን ያምጣ፤ ምንም የሌለው ደግሞ ቡችላውን ብቻ ይዞ ይምጣ፣ ማንም በገንዘብ ምክንያት አይመለስም። ክፍያው ከወር መዋጮ ጋር ለእድሩ ገንዘብ ያዥ በደረሰኝ ይሰጣል፤ ገቢና ወጪው በየዙሩ ማግስት በእድሩ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ውጭ አገር ያላችሁ ልጆቻችን በቤተሰቦቻችሁ በኩል ላኩልን። እዚያ ውሻ ስታሳድጉ የክትባት ካርድ እንደምትጠየቁ ታውቃላችሁ፤ እዚህም ለእያንዳንዱ ቡችላና የድመት ግልገል ካርድ እናወጣለን፣ ባለቤት ለሌላቸውም አንገታቸው ላይ ቀይ ጥብጣብ እናስራለን።

ከገንዘብ ሌላ በረዶ መያዣ ሣጥን፣ ጄኔሬተር ያለው ቤት ውስጥ የሚገኝ ማቀዝቀዣ፣ ወፍራም ጓንት፣ አሮጌ ብርድ ልብስና ካርቶን ያላችሁ አውሱን። ቦይ ሥር፣ አጥር ሥር፣ ጅምር ሕንፃ ውስጥ የወለደች ውሻ ወይም ድመት ያያችሁም ቦታውን ንገሩን፤ እናቲቱን ሳናስደነግጥ ሄደን እንመዘግባለን።

እስከዚያው ግን ማንንም ቡችላ ቢነክሰው፣ ጭረት ብትመስልም፣ ቡና አትነስንሱበት፣ በጨርቅም አትሰሩት። በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡና በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ጠበል የምትሄዱም ከክትባቱ ጋር ይሁን፤ የክትባቱ ቀጠሮ አንድ ቀን እንኳ አይለፍ።

ምዝገባው ከነገ ጀምሮ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት በእድሩ አዳራሽ ነው። በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሰፈሩት የቦይ ዳሯ ውሻና በሕይወት የቀሩት አራት ቡችሎቿ ናቸው።