ሆድ ሳይከፈትም የሚታከም አለ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የምጽፈው ከደሴ፣ ፒያሳ ነው። ታላቅ ወንድሜ ቆሽቱ ታሞ፣ አጠገቡ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ሆዱ ተነፍቶ ነበር። ከሁለት ጉርሻ በላይ አይወርድለትም። «ኦፕራሲዮን ነው» ተባልን፣ አበቃ። ሌላ መንገድ እንዳለ የነገረን የለም፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ለካ በአፍ የሚገባ፣ ጫፉ ላይ አልትራሳውንድ ያለው ኢንዶስኮፕ የሚባል ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ አለ። ሐኪሙ ከጨጓራ ግድግዳ ወዲያ ያለውን ፈሳሽ እያየ በመርፌ ይበሳና ስቴንት የምትባል አጭር ቱቦ ያስቀምጣል፤ ፈሳሹ ወደ ጨጓራ ይወርዳል፣ ቱቦዋም አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንታት በኋላ ትወጣለች። ሆድ አይቀደድም። መድማትም ኢንፌክሽንም ሊያመጣ ይችላል፣ ለሁሉም በሽተኛ አይሆንም። ቢሆንም ምርጫ ነው። አዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ ብናውቅ ግን ሄደን እንጠይቅ ነበር። ሐኪሞቻችን እባካችሁ፣ ቢላ ከማንሳታችሁ በፊት ንገሩን።