የሰቀልሃቸውን ዲሾች ስላወረድሁ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ሚያዝያ 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ አባባም ከጉልበታቸው ሕመም በቀር ደኅና ናቸው። ከሁለት ዓመት በላይ ድምፄን ስላጠፋሁ ይቅርታህን እለምናለሁ። ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ አንድ ነገር ስለሆነ ሳላዞር ልናገረው፦ ቤታችን ጣሪያ ላይ በገዛ እጅህ የሰቀልሃቸውን ዲሾች አውርጃቸዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ እህትህን ቀፊራ ገበያ አገኘኋት። እኔ ስለ አንተ ጠየቅኋት፣ እሷም ስለ አባባ ጠየቀችኝ፤ ልንለያይ ስንል «የወንድሜ ዲሽ እስከ አሁን ይሠራል?» አለችኝ። እኔም «ይሠራል» አልኋት። ዲሾቹ ዕቃ ቤት ከገቡ ግን ስምንት ወር አልፏቸዋል። ለእሷ የተናገርሁት ውሸት ላንተ እንደ ተናገርሁት ነውና፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ቃል የገባሁልህን አልረሳሁትም። ነሐሴ 2014 ላይ ሳፋሪኮም በአገራችን ሥራውን በእኛው ከተማ ሲጀምር ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ሳለ አንተ ዝም ብለህ ዋልህ። ማታ ግን በረንዳው ላይ ተቀምጠን «ኢንተርኔት እንዲህ እየበዛ ሲሄድ ዲሽ የሚያሰቅል አይኖርም፤ የእኔ ሥራ ከእንግዲህ ዕድሜ የለውም» አልኸኝ። እኔም ትከሻህን ይዤ «እኛ ቤት ያንተ ዲሽ አይወርድም» አልሁህ። አንተ ሱቅህን ዘግተህ ወደ ደብረ ብርሃን ሄድህ፤ በድሬ የቀትር ፀሐይ ቆርቆሮ ላይ ውሎ የማይታክተው ሰው አሁን ጋቢ ላይ ጋቢ ደርቦ እንደሚያድር እህትህ ነግራናለች፤ አባባም ይህን ሲሰሙ ከልባቸው ሳቁ። እኔ ግን ቃሌን ሳልጠብቅ ቀረሁ።

ነገሩ የሆነው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ያቋረጥሁት በየወሩ የምንከፍልበትን ዲኮደር ነበር። ቤት ውስጥ ዋይፋይ ካስገባን በኋላ ልጆቹ የሚፈልጉትን ሁሉ በስልካቸው ያያሉ፤ ባለቤቴም የምትወዳቸውን የኢቢኤስ ዝግጅቶች ሥራዋን ጨርሳ፣ ልጆቹን አስተኝታ፣ በምቹ ሰዓቷ ከዩቲዩብ ታያቸዋለች፤ ትልቋ ልጃችን ደግሞ ለ12ኛ ክፍል ፈተና የምትዘጋጅበትን የፊዚክስ ትምህርት ከዚያው አገኘች። ለማይታይ ነገር በየወሩ መክፈል ትክክል መስሎ አልታየኝም፤ በዚህም እስከ ዛሬ አልጸጸትም። ቀጥሎ ያረጀውን ቆርቆሮ ስንቀይር ሠራተኞቹ ሁሉንም ሳህኖች አወረዷቸው። መልሼ እሰቅላቸዋለሁ ብዬ ነበር፤ አንድ ሳምንት አለፈ፣ አንድ ወርም አለፈ፣ የቤቱም ሰው የጎደለው ነገር ያለ አልመሰለኝም። አባባን ግን አልጠየቅኋቸውም። ጥፋቴ ይህ ነው።

እነዚያን ሳህኖች እንዴት እንደ ሰቀልሃቸው አንተም አትረሳውም። የአገራችን ጣቢያዎች ወደ ኢትዮሳት ሲገቡ የሰፈሩ ሰው ዲሹን ከናይልሳት ወደ አዲሱ ሳተላይት ሲያዞር፣ አንተ የአባባ ፍራንስ 24 ናይልሳት ላይ መሆኑን ስለምታውቅ የእኛን አላዞርህም። አንዱ ሳተላይት በ7 ዲግሪ ምዕራብ፣ ሌላው በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ስለሚገኝ አንድ ሳህን ሁለቱን ሊይዛቸው እንደማይችል ለአባባ በወረቀት ላይ ሥለህ አስረዳሃቸው፤ ከዚያም ሁለተኛ ሳህን ከራስህ ሱቅ አምጥተህ አንዱን ወደ ምዕራብ ዝቅ አድርገህ፣ ሌላውን ወደ ሐረር ተራሮች አዙረህ ወደ ሰማይ ቀና አድርገህ ሰቀልሃቸው። ሁለቱንም በአንዲት ስዊች አገናኝተህ ሲግናሉ ሲገባ ምሰሶዎቹ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረግህ። ገንዘቡን ስሰጥህም አልቀበልም አልህ።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀቴ ልምጣ። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ምድር ባቡር ያገለገሉ፣ ቀናቸውን በሰዓት የሚያካሂዱ ሰው ናቸው። ማታ 2 ሰዓት ሲሆን ወንበራቸውን ስበው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንን ዜና ያያሉ፤ ዜናው ሲያልቅ ወደ ፈረንሳይኛው ያዞራሉ፤ ከዚያም ይተኛሉ። ጎረቤታችን ሐጂ ከዒሻ ሶላት በኋላ ከቡና ገለባ የሚፈላውን የሐሸር ቃህዋ በፔርሙስ ይዘው ይመጡ ነበር፤ አባባ ፈረንሳይኛውን ወደ አማርኛ ይመልሱላቸዋል፣ ሐጂም ስለ ጂቡቲና ስለ የመን የሚያውቁትን ይጨምሩበታል። ዲሹን ባወረድሁ ጊዜ አዲሱን ስማርት ቲቪ ከፍቼ «አባባ፣ ከእንግዲህ ሰዓት መጠበቅ የለም፤ በፈለጉት ጊዜ ዜናው ይገኛል» አልኋቸው። ትንሽ ዝም ብለው «በፈለግሁት ሰዓት የሚነሣ ከሆነ ባቡር አይደለም፣ ጋሪ ነው» አሉኝ። ያን ጊዜ የለመዱትን ነገር ስላጡ የተናገሩት መሰለኝና አለፍሁት።

በእርግጥ ፍራንስ 24 በዩቲዩብ በቀጥታ ይተላለፋል፤ ስለዚህ ጣቢያው ራሱ አልጠፋባቸውም። ሆኖም ቀጥታ ስርጭቱን በሪሞት ፈልጎ ማግኘት ለእሳቸው ከባድ ስለሆነ ትንሹ ልጄ ይከፍትላቸዋል፤ እሱ ከሌለ ፊት ለፊታቸው የመጣውን ይነካሉ። አንድ ማታ የፈረንሳይ ባቡር ሠራተኞች ስለ ጡረታ ሕግ ሥራ ማቆማቸውን የሚናገር ዜና መጣላቸው። እሳቸውም የባቡር ጡረተኛ ናቸውና ልባቸው ተነካ፤ በማግሥቱ ጠዋት የድሮ የሥራ ባልደረቦቻቸው ከሚቀመጡበት ጥላ ሥር ሄደው ነገሩን በዝርዝር አወሩላቸው። ከሽማግሌዎቹ የአንዱ የልጅ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ፈለገና «አባባ፣ ይህ እኮ ኅዳር 2012 ላይ የጀመረው አድማ ነው» አላቸው። ከስድስት ዓመት በፊት የሆነውን እንደ ዛሬ ዜና ለወዳጆቻቸው ተናግረው ነበር።

አባባ ቤት ሲገቡ ምንም አልተናገሩም። ነገሩን የነገሩኝ ሐጂ ናቸው። በዲሹ ዘመን ማያው ላይ የሚታየው ዜና ሁሉ የዚያኑ ቀን ስለነበር፣ ቀኑን መመርመር እንደሚያስፈልግ ማንም አላስተማራቸውም፤ እኔም አላሰብሁበትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቴሌቪዥኑን አይከፍቱትም። ፈረንሳይኛውን የሚተረጉምላቸው ስለሌለ ሐጂም መምጣት እያሳነሱ ሄደው በመጨረሻ ቀሩ።

ሌላም አለ። ማታ ትልቋ ልጅ ትምህርቷን፣ ወንዱ ኳሱን፣ ባለቤቴ ድራማዋን በአንድ ጊዜ ሲከፍቱ የሁሉም ምስል ይደበዝዛል፣ ያች ክብ ምልክት መዞር ትጀምራለች። አንድ ሰዓት ጥራት ያለው ቪዲዮ እስከ 3 ጊጋባይት ይበላልና ሦስት ሰው ለየብቻው ሲያይ መስመሩ አይበቃም። አንተ ይህን ከእኔ በተሻለ ታውቀዋለህ፤ እኔ ግን አሁን ነው በደንብ የገባኝ። ወደ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ከሚጠጋ ከፍታ የሚወርደው የሳተላይት ሲግናል እንደ ዝናብ ነው፤ የእኛ ሳህን ስለ ተቀበለ ለጎረቤት አይቀንስም። ኢንተርኔቱ ግን እንደ ቧንቧ ውኃ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተመልካች የራሱ ቅጂ ተለይቶ ይላካል፣ ከፋች ሲበዛ ግፊቱ ይቀንሳል። እንግዲህ እያንዳንዱ በየክፍሉ የየራሱን ቧንቧ ከፍቶ ተቀምጧል፤ ሳሎኑ ባዶ ነው።

ያ ሳሎን ታኅሣሥ 2015 ላይ እንዴት እንደ ነበረ ታስታውሳለህ። አርጀንቲናና ፈረንሳይ ለዓለም ዋንጫ ሲጋጠሙ ገና ሳትሄድ ነበር፤ ሰዉ ከምንጣፉ አልፎ እስከ በረንዳው ተቀምጦ፣ አባባ ለፈረንሳይ፣ አንተና እኔ ለአርጀንቲና ሆነን፣ እምባፔ ሦስተኛዋን ግብ አግብቶ 3 ለ 3 ሲሆኑ አባባ ያለ ምርኩዛቸው ብድግ አሉ። በመለያ ምት 4 ለ 2 ሲሸነፉ ደግሞ ሐጂ እጃቸውን ይዘው አጽናኗቸው። አሁን ኳስ በኢንተርኔት ስናይ ምስሉ ዘግይቶ ስለሚደርስ፣ ገና ኳሷ መሀል ሜዳ ሳለች ዲሽ ካላቸው ጎረቤቶች ቤት የ«ጎል!» ጩኸት ይሰማል፤ ወንዱ ልጄም ተበሳጭቶ መስኮቱን ይዘጋል። ባለፈው ሳምንት አባባ የዓለም ዋንጫው ሰኔ 4 እንደሚጀመር፣ በዚህ ጊዜም 48 አገሮች እንደሚሳተፉ ከሬዲዮ ሰምተው «ሰኔ ላይ ሰው የት ይቀመጣል?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አላገኘሁላቸውም።

ኢንተርኔቱን ላቋርጥ አላሰብሁም፤ ለልጆቹ ያስፈልጋቸዋል፣ የከፋዩንም ዲኮደር አልመልስም። ያንተን ሁለት ሳህኖች ግን በቦታቸው ልመልሳቸው እፈልጋለሁ፤ የወር ክፍያም የላቸውም። እዚህ ከተማ ሌላ ሠራተኛ ጠርቼ በግማሽ ቀን ማሰቀል እንደምችል አውቃለሁ፤ አንዱን ይዤ መጥቼም ነበር። አባባ ግን ከበራፉ መለሱት፤ «የሰቀለው ልጅ አለ» አሉ። ይህን ስጽፍልህ እጄ ሦስት ጊዜ ቆሟል፤ ያንን ሥራ አዝነህ እንደ ተውኸው ስለማውቅ፣ መሰላል ውጣ ብዬ መለመን ቁስልህን መነካካት እንዳይሆንብኝ ፈርቻለሁ። የማይሆንልህ ከሆነ ግልጹን ንገረኝ፤ ቅር አይለኝም፣ እኔው ራሴ ወጥቼ አንተ በስልክ ብታስተምረኝ ይበቃኛል። መምጣት ከቻልህ ግን ከሰኔ በፊት ለሁለት ቀን እንኳ ብትመጣልን፣ የመንገዱን እኔ እሸፍናለሁ፤ ይህንንም እንዳለፈው አልቀበልም እንዳትለኝ።

ሳህኖቹን አውጥቼ በሳሙና አጥቤአቸዋለሁ። የምዕራቡ ሳህን ኤልኤንቢ (ሲግናሉን የሚቀበለው ዕቃ) የሚቀመጥበት ክንድ ትንሽ ጠመም ብሏል፤ በእጅ ይቃና ወይስ ሌላ ይገዛ? ስዊቿንም ዝገት ነክቷታል። ቀዩ ምልክት ግን በሁለቱም ምሰሶዎች ላይ አለ፤ ቆርቆሮውን የቀየሩት ሰዎች ቀለም ሊደርቡበት ሲሉ ከልክያቸዋለሁ።

ለእህትህ እውነቱን ነገ ሄጄ እነግራታለሁ። አንተም ይህን ካነበብህ በኋላ የምትደውል ከሆነ ማታ 2 ሰዓት ላይ ደውል፤ ቴሌቪዥኑ ባይከፈትም አባባ በዚያ ሰዓት ወንበራቸው ላይ ናቸው።

የሚናፍቅህ ወንድምህ