ብር ከግንብ አይቅደም

ክቡር አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ውስጥ ቤት በማሠራት ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ቤት መጀመሬን የሚያውቅ ሁሉ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ "እስቲ ጥሩ ኮንትራክተር ካወቅሽ ጠቁሚኝ" ይለኛል። በሳምንት አንድ ሰው አይጠፋም። "ክፍያውን በምን ዓይነት ውል ተዋዋልሽ?" ብሎ የጠየቀኝ ግን እስካሁን አንድም የለም። አልፈርድባቸውም፣ እኔም ስጀምር አልጠየቅኩም። ብዙ ስለከፈልኩበት ግን አሁን ዝም ማለት አልቻልኩም።

የመጀመሪያው ውሌ አንድ ገጽ ተኩል ነበር። ሚያዝያ 2016 ተፈረመ። ቤቱ ባለ ሦስት መኝታ ነው፤ ወደፊት ፎቅ ይጨመርበታል ብለን ላዩን ሶሌታ፣ ማለትም የአርማታ ጣሪያ፣ አደረግነው። ዋጋው ከነማቴሪያሉ በቁርጥ 3 ሚሊዮን ብር። 40 በመቶ ሲፈረም፣ 30 በመቶ ኮለን (ቤቱን የሚሸከመው ምሰሶ) ሲቆም፣ 20 በመቶ ሶሌታ ሲሞላ፣ የቀረው 10 በመቶ ቁልፍ ስረከብ። ከወጪው ግማሹን የሚልክልኝ ወንድሜ ያለው ውጭ አገር ነው። ውሉን በስልክ ሳነብለት "ቁርጥ ከሆነ አለቀ፣ ከዚህ በላይ የሚጠይቀን የለም" አለኝ። እኔም እፎይ አልኩ።

ሰኔ ላይ ኮንትራክተሩ ደወለ። ኮለን ቆሟል፣ ሁለተኛውን ክፍያ አስገቢልኝ አለኝ። ሄጄ አየሁ። ፌሮው፣ ማለትም አርማታው ውስጥ የሚገባው ብረት፣ ታስሮ ቆሟል፣ የአዳማ ነፋስ እንደ ሸንበቆ ያወዛውዘዋል። አርማታ የሚባል ነገር አልነካውም። "ይኼ እኮ አልተሞላም" ስለው "ውሉ ሲቆም ነው የሚለው፣ ሲሞላ አይልም" አለኝ። ከቦርሳዬ አውጥቼ አነበብኩት። እውነቱን ነው፣ "ሲቆም" ይላል። በዚያች በአንዲት ቃል 900 ሺህ ብር ከፈልኩ።

ከዚያ ሐምሌ 22 መጣ። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ፌሮ ነጋዴው ጠዋት የተናገረውን ዋጋ ከሰዓት አይደግመውም ነበር። ኮንትራክተሩ ከ14ቱ ኮለን ስድስቱን ሞልቶ ቆመ። መጀመሪያ ስልኩ አልነሳ አለ፣ ቀጥሎ ዘበኛው "እትዬ፣ ደሞዜን የሚከፍለኝ አጣሁ" ብሎኝ ለቀቀ። ሌላ መሐንዲስ ከፍዬ ሳስለካ የተሠራው ሥራ 1 ሚሊዮን 150 ሺህ ብር ያህል ሆነ። እኔ የከፈልኩት 2 ሚሊዮን 100 ሺህ ነው። 950 ሺህ ብሬ ሳይሠራበት ሰውየው እጅ ቀርቷል።

ጠበቃ አማከርኩ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1764 አንድ ተዋዋይ ግዴታው ካሰበው በላይ ቢከብደውም ውሉ እንደጸና ይቆያል ይላል። ስለዚህ ሕጉ ከእኔ ጋር ነው። ግን ክስ ጊዜ ይፈልጋል፣ ፌሮው ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ እየጠጣ ይዝጋል። ብሩ እኔ እጅ ቢሆን ኖሮ ፍርድ ቤት ደጅ መጥናት አያስፈልገኝም ነበር። ቁርጥ ዋጋ እንደሚጠብቀኝ ነበር የማስበው። ገንዘቡን ቀድሞ ለወሰደ ሰው ግን ቁርጡ የሚያስረው ነገር የለም። መንግሥት እንኳ ለኮንትራክተር ቅድመ ክፍያ ሲሰጥ ከ30 በመቶ አያልፍም፣ እሱንም ዋስትና አስይዞ ነው። እኔ የደሞዝ ሰው ሆኜ ያለ ምንም ዋስትና 40 በመቶ ሰጠሁ።

ሰውየውን ሌባ ልለው አይደለም። የፌሮ ዋጋ እንደዚያ ሲወጣ ጭማሪው ሁሉ በእሱ ላይ እንዲወድቅ ያደረገው ያው ውል ነው። አንድ መስመር ቢኖረን፣ ማለትም ስንፈራረም የነበረው የሲሚንቶና የፌሮ ዋጋ ተጽፎ፣ ከ10 በመቶ በላይ ከጨመረ ልዩነቱን በደረሰኝ እየተያየን እንካፈላለን ብንል ኖሮ ምናልባት ዛሬም አብረን እንሠራ ነበር።

ከገንዘቡ በላይ ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። አዲሱ መሐንዲስ ያልተሞሉትን ኮለኖች ሜትር ይዞ ሲለካ ስታፋው (ቋሚዎቹን ፌሮዎች ዙሪያቸውን አቅፎ የሚይዘው ቀለበት) በየ25 ሳንቲ ሜትር ነው የታሰረው። ፕላኑ 15 ይላል። ሦስት ሜትር ቁመት ባለው ኮለን 20 ስታፋ መሆን ሲገባው 12 ብቻ ነው ያለው። ከተሞሉት የአንዱን ጥግ ፈልፍሎ አየ፣ ያም ያው ነው። ስድስቱን ዙሪያቸውን እንደገና ፌሮ አስሮ ማወፈር ግድ ሆነ። በቁርጥ ውል እያንዳንዷ የጎደለች ስታፋ ትርፍነቷ ለኮንትራክተሩ ነው። ሲሚንቶውም ላይ እንዲሁ ነው፣ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር የተባለው ቅይጥ መለኪያ ሳጥኑ በተሞላ ቁጥር አሸዋና ጠጠሩ ይበዛና ሲሚንቶው ይሳሳል፣ ከተለሰነ በኋላ ማን ያየዋል? በ2017 የፈንታሌው መንቀጥቀጥ እዚህ ድረስ ሲንጠን ሌሊት ከቤት ወጥቼ ደጅ ቆሜ እነዚያን ኮለኖች ነበር የማስበው። እኛ ያለነው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛው ውል ላይ ጠየቅኩ። እኛ አገር ሰው በብዛት የሚያውቀው ሁለት መንገድ ነው፣ ወይ ከነማቴሪያሉ በቁርጥ፣ ወይ እጅ ዋጋ ብቻ፣ ማለትም ማቴሪያሉን ራስህ ገዝተህ ለጉልበቱ ብቻ መክፈል። በመሃል ሌሎች አሉ። አንዱ በልክ መክፈል ነው። ቁፋሮው በሜትር ኩብ፣ ብሎኬቱና ልስኑ በካሬ፣ ፌሮው በኪሎ ዋጋ ይቆረጥለትና መሐንዲስ በየጊዜው እየለካ ለተሠራው ብቻ ይከፈላል። መሬት ውስጥ ላለው ሥራ ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ስትቆፍር ምን እንደሚወጣ ማንም አያውቅም፣ አንዱ ጋ ቋጥኝ ይወጣል፣ ሌላው ጋ ልቅ አፈር። የእኔ ጎረቤት አንድ ሜትር ተኩል ብሎ የጀመረው መሠረት ሁለት ሜትር ከ20 ወርዷል። በቁርጥ ተዋውለህ ይህ ሲመጣ ወይ ኮንትራክተሩ ሳይነግርህ ጠንካራው መሬት ጋ ሳይደርስ ያቆማል፣ ወይ ጭማሪ ብሎ የፈለገውን ይጠራብሃል።

ሌላው ወጪው ላይ መቶኛ መክፈል ነው። አንድ ዘመዴ እንዲህ ነበር ያሠራው፣ ሠሪው ከወጣው ወጪ 10 በመቶ ይወስዳል። ሴራሚኩ ውድ በሆነ ቁጥር የሰውየው ድርሻ ያድጋል፣ ታዲያ ርካሽ ሱቅ ለምን ይፈልጋል? እንዲህ የሚዋዋል ሰው ካለ የሠሪውን ድርሻ በመቶኛ ሳይሆን በተቆረጠ ብር ያድርገው፣ ደረሰኙን ሁሉ ዋናውን ይቀበል።

እኔ የመረጥኩት ድብልቅ ነው። ለስትራክቸሩ፣ ማለትም ቤቱን ለሚሸከመው የአርማታ ሥራ፣ እጅ ዋጋ፣ ፌሮና ሲሚንቶ ራሴ ገዛሁ። ብሎኬትና ልስን በካሬ ከነማቴሪያሉ። ፊኒሺንጉን በቁርጥ፣ ምክንያቱም በርና መስኮቱ፣ ሴራሚኩና ቀለሙ ምን ዓይነት እንደሆነ አንድ በአንድ ተጽፏል። ቅድመ ክፍያ 10 በመቶ። ከየክፍያው ላይ 5 በመቶ መያዣ እይዛለሁ። እያንዳንዱ የክፍያ ደረጃ ትንሽ ነው፣ መድረሱም በዓይን የሚታይና የሚለካ ነው። "ኮለን ሲቆም" የሚል ነገር የለም፤ "14ቱም ኮለን ተሞልቶ፣ ካሴው (አርማታው የሚሞላበት ቅርጽ) ተፈቶ፣ መሐንዲሱ ፈርሞ" ይላል። ለውጥ ካለ፣ እኔው የኩሽናውን ግድግዳ አንዴ አዛውሬያለሁ፣ ዋጋው ሥራው ሳይጀመር ይጻፋል፣ ሁለታችንም እንፈርማለን። ይህ ሁሉ ያለ መሐንዲሱ ዋጋ የለውም። ደሞዙን የምከፍለው እኔ ነኝ፣ ኮንትራክተሩ ያመጣው ሰው አይደለም።

ቀላል ነው ብዬ አላታልልም። እጅ ዋጋ ማለት ግምጃ ቤቱም ጠባቂውም አንቺው ነሽ ማለት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ እጠይቃለሁ። 12 ኩንታል ሲሚንቶ ሸራው ተገፎበት በአንድ ሌሊት ዝናብ ድንጋይ ሆኖብኛል፣ ያ ኪሳራ የእኔ ነው። ፌሮም በቤርጋ፣ ማለትም በዘንግ ቆጥሬ፣ ስገዛ አንዱን አስመዘንኩት። ባለ 12 ሚሊ ሜትር የተባለው፣ 12 ሜትር ሙሉ ቤርጋ፣ 10.6 ኪሎ ያህል መመዘን ነበረበት፤ የእኔው 9 ኪሎ ሆነ። ያ ባለ 11 ማለት ነው። ጭነቱን መለስኩ፣ ከዚያ ወዲህ በኪሎ ነው የምገዛው። ሶሌታው ከተሞላ በኋላ ሰባት ቀን ሙሉ ጆንያ አልብሰን ውኃ ስናጠጣ ከረምን፣ በዚህ ፀሐይና ነፋስ ጠዋት የራሰው ቀትር ላይ ደርቆ ይቆያል። ውኃ የማጠጣቱ ሥራ ውሉ ላይ ካልተጻፈ የማንም አይደለም። እኔ ጋ ተጽፎ ነበር፣ ሠራተኞቹም ሳይሰለቹ አጠጡ።

ውጭ ሆናችሁ ለምታሠሩ ወገኖች ደግሞ፣ እናንተ ሲሚንቶ መጠበቅ አትችሉም፣ ቁርጥ ይሻላችኋል። ግን ደረጃውን አሳንሱት፣ ዘመድም ሆነ ወዳጅ ፎቶ ስለላከ ብቻ ብር አታስገቡ። ሊከፈለው የመጣውን ሥራ ሄዶ የሚለካ መሐንዲስ ለብቻ ቅጠሩ። ወንድሜ የኮለኑ ፎቶ ደርሶት ነበር። ፎቶው ላይ ስታፋ አይቆጠርም።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ውል ላይ "ቤቱን ካስረከበ በኋላ ኮንትራክተሩ አይጠየቅም" የሚል አረፍተ ነገር አይቻለሁ፣ የመጀመሪያው ውሌም ላይ ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3039 ሥራ ተቋራጩ ለሠራው ሥራና ለግንባታው ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው ይላል። ይህን የሚያሳጥር ወይም የሚያስቀር የውል ቃል ዋጋ የለውም። ይህን የሚያውቅ ቤት አሠሪ ስንት ይሆን?

የከተማችን አስተዳደር የግንባታ ፈቃድ ሲሰጠን ፕላናችንን ያያል፣ ማህተም ይመታል፣ ይሸኘናል። ከዚያች ሰዓት በኋላ ሰው የሚፈርመው ኮንትራክተሩ አርቅቆ ያመጣለትን ወረቀት ነው። ከፈቃዱ ጋር አንድ ናሙና ውል በአማርኛና በኦሮምኛ ቢሰጡን ምን ይጎድልባቸዋል? ግዴታ አይሁን፣ ማየት ብቻ በቂ ነው። ሰው አይቶት "እኔ ጋ ይኼ መስመር የት አለ?" ብሎ ይጠይቃል።

እናንተም ብትረዱን ደስ ይለኛል። የእኔ ሁለተኛው ውል ስድስት ገጽ ነው። ስሞቹን አጥፍቼ አንድ ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬላችኋለሁ። የክፍያ ደረጃዎቹ ያሉበትን ሦስተኛውን ገጽ ብቻ እንኳ ብታትሙልኝ፣ መስከረም ላይ ቁፋሮ የሚጀምሩ ሁለት ጎረቤቶች አሉኝ፣ ጋዜጣውን ገዝቼ እሰጣቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ ተይዟል
አዳማ