ከጀልባው በፊት ወንዙ፦ ለበሬሳ ዳር የድጋፍ ጥሪ

በደብረ ብርሃን፣ በአዲስ አበባ፣ በባሕር ማዶም ላላችሁ የበሬሳ ወንዝ ዳር ልጆች ሁሉ ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

ቦታውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከከተማው ወረድ ብሎ፣ ገበሬዎች ለመስኖ በድንጋይ ከገደቡት በላይ፣ ውሃው ተንጣልሎ የሚተኛበት ነው። ልጅ ሆነን ዋኝተንበታል፤ እናቶቻችን ጋቢና ብርድ ልብስ አጥበውበታል፤ ከብቶቻችን ጠጥተውበታል። ዛሬ የሰፈሩ ሕፃናት «ወደቡ» ይሉታል። ስሙን ያወጣለት የወጣቶቻችን ሥራ ነው። ካቻምና ከኪሳቸው አዋጥተው ሁለት የመቅዘፊያ ጀልባ በጭነት መኪና አስመጡ። መስከረም ላይ ውሃው ጠርቶ ሜዳው በአደይ አበባ ሲሸፈን ሰው ጎረፈ። ሙሽሮች ፎቶ ለመነሳት፣ ተማሪዎች ለመዝናናት፣ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው መጡ። ቡና የምታፈላውም፣ ቆሎና እንቁላል የሚሸጠውም ልጅ ገቢ አገኘ። እኛም ደስ አለን።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ኅዳር ሳይገባ የዳሩ ሣር ተረጋግጦ አፈር ሆነ። የውሃ መያዣ ፕላስቲክ ግድቡ ላይ ተከማቸ። መጸዳጃ ቤት ስላልነበረ እንግዳው ሁሉ ቄጤማው ውስጥ ይገባ ጀመር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ካልጻፍኩት ለምን እንደምንለምናችሁ አይገባችሁም። ከግድቡ በታች በዚያው ውሃ ነጭ ሽንኩርት፣ ካሮትና ድንች የሚያለሙ ሰዎች አሉ። ካሮቱ ለገበያ የሚታጠበውም በዚያው ውሃ ነው። ከእነሱ አንዱ፣ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው፣ ዕድር ላይ ተነስተው ልጆቻችን ሆዳቸውን እየታመሙ ነው ሲሉ ቤቱ ጸጥ አለ። መኪና እያመጡ ወንዙ ውስጥ የሚያጥቡም ተጨመሩ፤ ጠዋት ጠዋት ውሃው ላይ ዘይት ተንሳፍፎ እናያለን።

ያን ጊዜ ወጣቶቹ ራሳቸው ጀልባዎቹን አወጧቸው። ማንም አላዘዛቸውም። አሁን በአንድ አባት ግቢ ተገልብጠው፣ ገለባ ለብሰው ተቀምጠዋል። ለእነዚህ ልጆች ያለኝን አክብሮት በቃል መግለጽ ይከብደኛል፤ ያገኙትን ብቸኛ ገቢ ነው በእጃቸው የዘጉት።

ባለፈው ዓመት አንድ ባለሀብት መልካም የሚመስል ሐሳብ ይዘውልን መጥተው ነበር። ዳሩን በሙሉ አጥረው፣ ካፌ ሠርተው፣ የሞተር ጀልባ ሊያስገቡ፤ ለእኛም የመግቢያው ድርሻ ሊከፈለን። ሦስት ቅዳሜ ተሰብስበን ተከራከርን። ወጣቶቹ መጀመሪያ ላይ ጓጉተው ነበር፤ እኔም ልቤ ሄዶ ነበር። ነገሩን የለወጡት አንዲት እናት ናቸው። አጥሩ ሲታጠር ላማቸው በየት በኩል ወርዳ እንደምትጠጣ፣ ልብስ የሚያጥቡት ሴቶችስ ትኬት ይቆርጡ እንደሆነ ጠየቁ። መልስ የሰጠ አልነበረም። ባለሀብቱን አመስግነን ሸኘናቸው።

ስለዚህ የምንለምናችሁ ለጀልባ አይደለም። ጀልባ የሚገዛልን ሰው አናጣም፤ ጀልባ ገንዘብ ያመጣልና። ሰው ገንዘብ የማያወጣበት ሌላው ነገር ነው፦ የመጸዳጃው ጉድጓድ፣ ከውሃው የራቀው የልብስ ማጠቢያ፣ የከብት መውረጃው፣ ችግኙን ከውርጭ የሚያድነው ገለባ፣ የጥበቃው ደመወዝ። እነዚህ ትኬት አይቆረጥባቸውም። እነዚህ ሳይኖሩ ግን ጀልባው በተመለሰ በሁለት ወሩ እዚያው እንገኛለን።

ከጎብኚ በሚገኘው ገቢ ለምን አትሠሩትም የሚለን ሰው አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የወንዝ ወደብ ገቢ ግን እንደ ውሃው ነው፤ ይሞላል፣ ይጎድላል። በሀገራችን በወንዝ ወደብነቱ ስሙ የሚነሳው ጋምቤላ ነው። እዚሁ አጠገባችን አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ። ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ሸቀጥ አራግፈው ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ይህም ይሆን የነበረው ባሮ በክረምት ሲሞላ ነው፤ በበጋ መርከቡም ቀርቶ ወደቡ ሥራ ይፈታ ነበር። የእኛ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከሐምሌ እስከ ነሐሴ በሬሳ ደፍርሶ ግድቡን ዘሎ ስለሚሄድ ሰው ማስቀዘፍ ነፍስ ማጥፋት ይሆናል። ከጥር በኋላ ደግሞ መስኖው ውሃውን ይስበዋል፤ ሊስበውም ይገባል፣ ግድቡ የተሠራው ለእሱ ነውና። ለጀልባ የሚቀረን ከመስከረም እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው። ጥበቃውና ጽዳቱ ግን ዓመቱን ሙሉ አለ። በአምስት ወር ገቢ አሥራ ሁለት ወር እንኑር ብንል፣ አምስቱን ወር ወንዙ ከሚችለው በላይ ሰው ለማስገባት እንገደዳለን። ወንዙን የሚገድለው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጣናን ያየ አይዘነጋውም። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ሐይቁ ላይ ከታየ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ወረሰው። ጀልባ መንቀሳቀስ አቃተው፤ ገበሬውና ተማሪው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ። አረሙን ካፋፉት ነገሮች አንዱ ከእርሻና ከከተማ የሚወርደው ፍሳሽ ነው። የእኛ ደጋ ለእምቦጭ ይበርደዋል፤ ፍሳሹ ግን እኛም ጋ አለ። ከእኛ የወጣውም ከእኛ ጋር አይቀርም፤ በሬሳ ጀማ ይገባል፣ ጀማም ዓባይ ይገባል።

አርአያ ለመፈለግ ሩቅ አልሄድንም። እዚሁ ሰሜን ሸዋ ያለው የሣር ምድር፣ መንዝ ጓሳ፣ አለልን። የአስቦና የጌራ ዘሮች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጓሳውን «ቄሮ» በሚባለው የጋራ ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። ሣሩን ለዓመታት ይዘጉታል፤ ሲደርስ ቀን ቆርጠው ይከፍቱታል፤ ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭዳሉ፤ መልሰው ይዘጉታል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ቢናጋም ሕዝቡ በአዲስ መልክ አደራጅቶት፣ ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት የሚመጣው እንግዳ ለአካባቢው ገቢ ይሆናል። እንግዳው የመጣው ጓሳው ስለተጠበቀ ነው፤ ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ።

እኛም መዝጋትና መክፈት ተስማምተናል። ግድቡ አጠገብ አንድ ድንጋይ ላይ ምልክት አድርገናል፤ ውሃው ከምልክቱ ዝቅ ሲል ጀልባ ይቆማል። የሞተር ጀልባ አይገባም፤ መቅዘፊያ ብቻ። ላይፍ ጃኬት ያልለበሰ አይሳፈርም፤ ልጅ የያዘ ወላጅም ቢቆጣ ያለ ጃኬት አይሳፈርም። በላይኛው ጥግ ያለው ቄጤማ ለሰው ዝግ ነው። እዚያ ክንፉ ላይ ሰማያዊ ያለበት ዝይ ይኖራል፤ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ በዱር የሚኖርበት ሀገር የለም፤ ጎጆውንም የሚሠራው እንዲህ ባለ ሣርና ቄጤማ መሀል ነው። ልጆቻችን ድንጋይ ይወረውሩበት ነበር። አሁን ስንት ጫጩት እንዳወጣ ቆጥረው የሚነግሩን እነሱ ናቸው።

የሚያስፈልገን ይህ ነው። ጎርፍ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ፣ ጉድጓዱ በሲሚንቶ የተለሰነና በቦቴ የሚመጠጥ፣ የወንድና የሴት መጸዳጃ ቤት። ሲሚንቶ፣ ብሎኬት፣ ቆርቆሮና የውሃ ታንከር እንሻለን። ለልብስ ማጠቢያው የኮንክሪት ገበታና እጣቢውን የሚያሰርግ የጠጠር ጉድጓድ። ለከብቶቹ በድንጋይ የተነጠፈ መውረጃ፤ ዳሩ የሚናደው እነሱ በየቦታው ሲወርዱ ነውና። ድንጋዩ ከእኛ ነው። የባሕር ዛፉን ከዳር አንስተን አኻያ፣ ወይራና ኮሶ እንተክላለን፤ ጉድጓድ መቆፈሩም ከእኛ ነው። ችግኝ እዚህ አገር የሚሞተው በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ስለሆነ፣ ለሁለት ዓመት የሚያለብስና የሚያጠጣ ሰው መቅጠር አለብን። የዚህን ሰው ደመወዝ የሚሸፍን ብናገኝ ከሁሉም በላይ ደስ ይለኛል፤ ችግኝ ተክሎ ፎቶ የሚነሳ ብዙ ነው፣ ጠባቂ የሚቀጥር ግን ጥቂት።

በብር የምትረዱን በየዕድሩ በተላከው ደብዳቤ ላይ ባለው የባንክ ሒሳብ ብቻ አስገቡ፤ በግለሰብ ስም ለሚጠይቃችሁ ማንም ይሁን አትስጡ። ሒሳቡ የሚንቀሳቀሰው በሦስት ፊርማ ነው፦ የዕድሩ ዳኛ፣ አንዲት የልብስ አጣቢዎቹ ተወካይ፣ አንድ ከወጣቶቹ። ገቢና ወጪው በየወሩ ዕድር ላይ ይነበባል፤ ደረሰኙን ማየት የፈለገ ያያል። በብር ሳይሆን በዕቃ ለመርዳት የምትፈልጉ፣ አንድ ኩንታል ሲሚንቶም ትልቅ ነገር ነው። መሐንዲስ የሆናችሁ የሰፈራችን ልጆች ደግሞ የጉድጓዱን ንድፍ እንድታዩልን እንለምናለን፤ በዚህ ላይ መሳሳት አንፈልግም።

ጀልባው ወደ ውሃው ሲመለስ ከገቢው አንድ ሦስተኛው ለቀዛፊዎቹ፣ አንድ ሦስተኛው ለጀልባው ጥገና፣ አንድ ሦስተኛው ለወንዙ እንዲሆን ወስነናል። የወንዙን ድርሻ ለሌላ ጉዳይ ማበደር ክልክል ነው፤ ለቀብርም ቢሆን። ለዚያ ዕድሩ አለ።

ከክረምቱ በፊት መጸዳጃውና ማጠቢያው ማለቅ አለባቸው፤ ሐምሌ ከገባ ጉድጓዱ ውሃ ይሞላል። ቁፋሮው ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ሰኞ ጠዋት በደቦ ይጀመራል። እዚህ ያላችሁ አካፋና ዶማ ይዛችሁ ኑ፤ ባሬላ ያለው ባሬላውን ያምጣ። እናቶች ዳቦና ጠላ እናዘጋጃለን ብለዋል።