ልጃችንን ይዘን ገባን

ሰላም ውድ አባላት፣

ትናንት ማታ ከውጭ አገር በጉዲፈቻ የተቀበልነውን ልጃችንን ይዘን ቤታችን ገባን። እሱ ተኝቷል፤ እኛ ግን እንቅልፍ የለም።

ጉዞ ለምትጠብቁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የልጁም የእናንተም አገር እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣውን የሄግ የጉዲፈቻ ስምምነት የተቀበሉ ከሆነ፣ የአንቀጽ 23 ምስክር ወረቀቱን ሳትይዙ እንዳትነሱ። ጉዲፈቻው በሌሎቹ አባል አገሮችም እንዲታወቅ የሚያደርገው እሱ ነው። የእኛ ላይ የልጁ ስም በአንድ ፊደል ተሳስቶ ነበር። ለማስተካከል አራት ቀን ፈጀ! እዚያው ቆማችሁ ፊደል በፊደል አንብቡት።

አውሮፕላን ውስጥ አዲሱን አሻንጉሊት ዞር ብሎም አላየው። ያረጀች ብርድ ልብሱን ግን ሙጭጭ አድርጎ ይዟት ነው የመጣው። ሞግዚቱ «ጠረኗን ለምዷል፣ እንዳታጥቧት» ብላን ነበር። እግዜር ይስጣት።

ለጊዜው ጠያቂ አንቀበልም፤ እስኪለምደን ታገሡን።